ዘመም ያለችው ጠገራ ብር

ሰው ቤት ተጋብዞ፣ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶ እያየ ምሳውን በሰላም የሚበላ ሰው አለ? አለ አሉ። እኔ ግን ተነስቼ ካላቃናሁት እህሉ አይወርድልኝም። ባለቤቴ ሰናይት ይህን በሽታ ነው ትላለች፤ እኔ ተሰጥኦ ነው ባይ ነኝ። ዓለም እስካሁን ጨርሳ ያልተንጋደደችው እንደኔ ያሉ ጥቂት ሰዎች ስላሉ መሰለኝ።

ባለፈው ጋሽ እድሪስን ልጠይቅ ከምኖርበት ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ሄድኩ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የነገዱ፣ አማርኛቸው ከኔ አማርኛ የሚጣፍጥ አዛውንት ናቸው፤ የሚኖሩት ከልጃቸው ከሰልማ ጋር ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ጠገራ ብር ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የሟች ባለቤታቸው የወይዘሮ ኸዲጃ ነበረች። ሰልማ ግሬድ አስደርጋታለች፤ ማለትም ባለሙያዎች ብሯን መርምረው፣ እውነተኛ ናት ብለው መስክረው፣ ማርክ ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን አሽገዋታል። ደግ አደረጉ። ግን ምን ዋጋ አለው? ብሯ ሣጥኑ ውስጥ ዞራ፣ ላይዋ ላይ ያለችው ደልዳላ እመቤት ሶፋ ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ወደ ጎን ዘመም ብላለች!

ይስጡኝ፣ ቀጥ አድርጌ አመጣታለሁ አልኳቸው። ሰልማ "አር ዩ ሹር?" አለችኝ። ሹር ነኝ እንጂ! ጋሽ እድሪስ ሰው ማስቀየም አይሆንላቸውም፤ ትንሽ አመነቱና ሰጡኝ።

ኦክላንድ ስመለስ አንድ የድሮ ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ሣጥኑን እንዳትሰብር፣ ከሰበርከው ማርኩ ይሰረዛል አለኝ። ወይ ላሸጉት ባለሙያዎች መልሰህ ላክና በአዲስ ያሽጉልህ፣ ወይ ጠርዙን ለስላሳ ነገር ላይ መታ መታ አድርግ። መላክ? እኔ እያለሁ? ቤት ገብቼ ፎጣ አጠፍኩና መታ መታ አደረግኩት። እመቤቲቱ ተንቀሳቀሰች። ጨመርኩ። በአናቷ ቆመች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ የሰናይትን በባትሪ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ አነሳሁ። እጀታውን ሣጥኑ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ሳበራው ብሯ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሣጥኑን ዘንበል ሳደርገው ቀስ እያለች ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ቀጥ! ከኋላዬ ሰናይት በኔ ብሩሽ ነው እንዴ ስትል ሰማኋት። ታላላቅ ሥራዎች መቼ ተቃዋሚ አጥተው ያውቃሉ?

በማግስቱ እንደ ድል አድራጊ ሳን ሆዜ ገባሁ። ጋሽ እድሪስ መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። ገልበጥ አድርገው አዩዋት።

"ይቺ የኔ አይደለችም" አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ለካ የሟች ሚስታቸውን ቅርስ የለወጥኩባቸው ሌባ ልሆን ነው! ሰልማ ቶሎ ብላ ስልኳ ላይ ያለውን የብሯን የድሮ ፎቶ አወጣችና ሣጥኑ ላይ ከታተመው መለያ ቁጥር ጋር አስተያየችው።

"ኢትስ ዘ ሴም ነምበር፣ ባባ።"

"ቁጥሩማ የሣጥኑ ነው" አሏት። "እኔ የማወራው ስለ ሴትዮዋ ነው።"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

"ኸዲጃ እኮ ሳወራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር የምትሰማኝ። ይቺም እንደዚያው ስለሆነች ሰልማ ሥራ ስትሄድ አወራት ነበር። አሁን እንዴት ላውራት? ፖሊስ መስላለች።"

ሣጥኑን ተቀብዬ መዳፌ ላይ መታ መታ አደረግኩት። ንቅንቅ የለም። ጉልበቴ ላይ ሞከርኩ። ስሠራ ለካ አጥብቄ ነው የምሠራው! ሰልማን የባትሪ ብሩሽ አላት እንደሆን ጠየቅኳት፤ እንደ እብድ አየችኝ።

ጋሽ እድሪስ ሣጥኑን ከእጄ ወሰዱና ቦታው መለሱት። ከመድኃኒታቸው ጠርሙስ ላይ ክዳኑን ነቅለው፣ ከሣጥኑ አንድ ጥግ ሥር ሸጎጥ አደረጉት። ሣጥኑ አዘነበለ፤ እመቤቲቱም አብራው ዘመም አለች። ራቅ ብለው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

"አዎ፣ ይቺ ናት!" አሉ። ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ እንዳይከፋኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ቀጥ እንድትል ከፈለግህ ያን ጊዜም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር እኮ።"