የጋሽ ፈይሳ ተራ

በየሰፈሩ፣ በየዕድሩና በየጸሎት ቤቱ አንድ «ለእኔ ይቅርብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ የቀረነው ሁሉ ተመችቶን በኖርን ነበር። እሱ ግን አለ። ወንበሩን ለሌላ ለቅቆ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ሲል፣ ወንበር የያዝነው ሁላችን መቀመጫችን ሊቆረቁረን ይጀምራል።

በእኛ በሰቃ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ፈይሳ ናቸው። የሰባራ ወንበር ባለርስት፣ የቀዘቀዘ ሻይ አሳዳሪ፣ የዶሮ አንገት ብቸኛ ወራሽ! ሰባኪው ስለ ራስን መካድ ባስተማሩ ቁጥር ጉባኤው ወደ እሳቸው ይዞራል። እሳቸውም እንዳይታዩ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ታዲያ ሲደፉ ትንሽ እንዲታዩ አድርገው ነው።

ያጋነንኩ ከመሰላችሁ የሚኒባሱን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከጅማ አብረን ስንመለስ መንገድ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ተሳፈረች። ጋሽ ፈይሳ ብድግ አሉ።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ። ለእኔ ይቅርብኝ።»

ሴትዮዋ ሽማግሌ አስነስቼ አልቀመጥም ብላ ድርቅ አለች። ይህን ያየ አንድ የኮሌጅ ተማሪ አፈረና ቦታውን ለጋሽ ፈይሳ ለቀቀ። እሳቸው ግን «አንተ ስታጠና የዋልክ ልጅ ነህ፣ እኔ ምን ሠርቼ ደከመኝ?» ብለው እምቢ አሉ። ተማሪውም ከተነሳ በኋላ ተመልሶ መቀመጥ አፈረ። ሾፌሩ በመስታወት አየና «ኧረ ፋዘር፣ ትራፊክ ሊቀጣን ነው፣ ይቀመጡልን!» ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም። ሦስቱም እንደ ጎበጡ፣ ሁለቱ ወንበሮች ብቻ ተመችቷቸው ሰቃ ገቡ።

ቤታቸውም ከዚህ አልተረፈም። አንድ እሁድ ጌታ ራሱን የሚያሳርፍበት ስፍራ እንዳልነበረው ተሰበከ፤ ጋሽ ፈይሳ በዚያው ዕለት ትራስ ተዉ። ሚስታቸውን አዴ አያንቱን ስለዚሁ ጉዳይ ብጠይቃቸው፣ «ትራስ የተዉት እሳቸው፣ ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን የማሸው እኔ» አሉኝ።

ነገሩ የከፋው ግን በዳዶ ነው። ቡና ሲደርስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ይሰባሰብና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ ይለቅማል። ዳዶ የምንለው ይህን ነው። ክፍያ የለውም፤ ክፍያው ተራ ነው። ጋሽ ፈይሳ ከማንም ማሳ ቀርተው አያውቁም። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ያቺው ቃል ትመጣለች። ካቻምና ተራቸውን ለአኒስ ሰጡ፤ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ደግ አደረጉ አልን። አምና ለማሂራ ሰጡ፤ ባሏ የሞተባት ናት፣ አሁንም ደግ አልን። ዘንድሮ ደግሞ ማንም ሳይለምናቸው ለሙርሺድ ሰጡት። ሙርሺድን ያገኘው ችግር ሚስት ማግባቱ ብቻ ነው።

«አዲስ ትዳር ከባድ ነው፤ ለእኔ ይቅርብኝ» አሉ።

ዘንድሮ ቡናው ቀድሞ ቀላ። አዴ አያንቱ ደግሞ በዚያ ቡና ላይ የጣሉት ተስፋ ነበራቸው፤ ጣሪያ። ቆርቆሮው በዝገት ተበልቶ ክረምቱን በሙሉ ባልዲ ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ከርመዋል። ቡናው እንደ ቀላ ከተለቀመ ጣሪያው ይቀየራል። ዛፉ ላይ ደርቆ መሬት ከረገፈ ግን የሚመጣውንም ክረምት የሚያሳልፉት ከባልዲው ጋር ነው። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሊለቅሙ ሞከሩ። ጋሽ ፈይሳ ቅርንጫፍ ጎትተው ሲያወርዱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከነቅርጫታቸው ተንከባለሉ። የለቀሙት ተበተነ፣ ከዛፉም ሌላ ረገፈ፤ ሰማዩ ያለ ወሩ ጠቁሯል።

ይህን በሰማን ማግስት ቅርጫታችንን ይዘን በራቸው ላይ ተሰለፍን። ከፊት ሐጂ ቲጃኒ ነበሩ፤ የዳዶው አውራ፣ የጋሽ ፈይሳ የልጅነት ባልንጀራ። ጋሽ ፈይሳ በከዘራ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙብን።

«አካም ቡልቴ ፈይሳ» አሉ ሐጂ። «እንዴት አደርክ? ዞር በል እንግባ።»

«ዛሬ የሙርሺድ ተራ ነው። ለእኔ ይቅርብኝ።»

ሙርሺድ ከኋላ «ጋሼ፣ እኔ መልሻለሁ!» አለ።

«የሰጠሁትን አልቀበልም።»

ሐጂ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። «ስማ ፈይሳ፣ አንተ ስስታም ነህ።»

ጋሽ ፈይሳ በሕይወታቸው ብዙ ተብለዋል፤ ይህን ግን ተብለው አያውቁም። «እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ወላሂ፣ የጽድቁን ዋጋ፣ አጅሩን ሁሉ ብቻህን ጠቅልለህ ልትሄድ ነው። እኛስ? እኛ በጎ ሥራ የማያምረን መሰለህ? ተራህን ለአኒስ ስትሰጥ ዝም አልን፣ ለማሂራ ስትሰጥ ዝም አልን። ለእኛም ትንሽ አትተውልንም እንዴ?»

ጋሽ ፈይሳ ጥቅስ ሊፈልጉ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ጥቅሱን ሳያገኙ አዴ አያንቱ ባልዲያቸውን እንደ ያዙ ከኋላቸው ብቅ አሉ።

«ራስዎን ይካዱ ተብለዋል፣ እሺ። አያንቱን ይካዱ የሚለው የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው? ያሳዩኝ። የሚያፈሰው እኮ እኔም ላይ ነው።»

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ሰው ባልዲውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከበሩም ፈቀቅ አሉ።

«ቶሌ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «እንግዲያው እኔም አብሬ ልልቀም።»

«በዚያ ጉልበት? አይሆንም» አሉ ሐጂ፣ ወንበርም አስመጡ። ያውም ደህና ወንበር፤ አራቱም እግሩ ያለ፣ መደገፊያው ያልተነቀለ። ጥላ ሥር አስቀመጧቸው።

ጋሽ ፈይሳን ሲጾሙ አይቻለሁ። ጃንጥላቸውን ለሰው ሰጥተው በዝናብ ሲሄዱ አይቻለሁ። መስቀላቸው እንደዚያ ቀን ከብዷቸው ግን አይቼ አላውቅም። ተደግፈው መቀመጥ ስላልቻሉ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ጣቶቻቸው ባዶ አየር ይለቅማሉ። «ያቺን ቅርንጫፍ ረሳችኋት!» ይላሉ፤ ብድግ ሲሉ አዴ አያንቱ በዓይናቸው ያስቀምጧቸዋል። ቀትር ላይ ትኩስ ሻይ ቀረበላቸው። «ሐጂ ይቅደሙ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐጂም ከዛፍ ሥር አፈጠጡባቸው። ትኩስ ሻይ ከነትኩሳቱ ሲጠጡ ያን ቀን አየሁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሻዩ አቃጥሏቸው ነው አሉን፤ እኛም እንደዚያው ይሁን አልን።

ቡናው ገባ፣ ተሸጠ፣ ጣሪያውም ተቀየረ። ባልዲው ዛሬ የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጅማ በሚኒባስ አብረን ስንመለስ፣ ቦታው ሁሉ ከሞላ በኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች። ጋሽ ፈይሳ ጉልበታቸውን ይዘው ሊነሱ ሞከሩ። ፊታቸው ሲኮማተር አየሁ፤ ያመማቸዋል። እሳቸው ሳይቀድሙኝ እኔ ቆምኩ።

«ተቀመጪ ልጄ። ለእኔ ይቅርብኝ።»

የመኪናው ጣሪያ አናቴን እየደበደበኝ ጎብጬ ተጓዝኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትንሽ እንዲታይ አድርጌ። እንዴት እንደሚጥም! ሽማግሌው ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን ሲበሉት የኖሩት ይህን ነው! እሳቸው ከመቀመጫቸው ሆነው በቅናት ያዩኛል።

ሰቃ ስንደርስ ከመኪናው ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ። ያችን ቃል ሊሏት ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ ከዚያ ተዉት። ክንዳቸውን ሰጡኝ። ቀለል ያለ፣ የሽማግሌ ክንድ ነው። እስከ ደጃቸው ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ሐጂ ቲጃኒ በመንገድ አግኝተውን «ልያዝልህ?» ቢሉኝም አልሰጠኋቸውም።

ይቺን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ።