የሌዘሩን ቀዳዳ መስተዋት ለመድፈን የተደረገ ስብሰባ

ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ በአስታ በር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቢሮ፣ የዐውደ ርዕይ ኮሚቴ ተሰብስቧል። ብርድ ስለሆነ በሩ ተዘግቷል። አባላት በሙሉ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ገሠሠ፣ ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ጌታነሽ፣ ንብረት ክፍል
አቶ ወዳጆ፣ የወላጆች ተወካይ፣ ከጓሳ በኩል
መምህርት ምሥራቅ፣ ፊዚክስ
አቶ ፈንታ፣ ጸሐፊ

አጀንዳ 1፦ የፊዚክስ ክፍል ሌዘር ዛሬ በከተማው አዳራሽ ለዞን እንግዶች ይታይ ወይስ አይታይ?

መምህርት ምሥራቅ ክረምቱን ሙሉ የጠገኑትን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አስረዱ። በብርጭቆው ቱቦ ውስጥ ጋዝ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው አተሞቹ ጉልበት አግኝተው ወደ ላይኛው የጉልበት ደረጃ ይወጣሉ። ላይ የቆመውን አተም መጠኑ የሚስማማ ብርሃን ሲያልፍበት ይቀሰቅሰውና ይወርዳል፤ ሲወርድም ያንኑ የመሰለ ብርሃን ይለቃል። ቀለሙ አንድ፣ አቅጣጫው አንድ፣ እርምጃው አንድ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ለዚህም ላይ ያሉት አተሞች ከታች ካሉት መብዛት አለባቸው።

ወ/ሮ ጌታነሽ አንድ ገብቶ ሁለት የሚወጣ ንብረት ለኦዲት እንደማይመች ገልጸዋል። መምህርቷ ትርፉ ከኤሌክትሪኩ የመጣ ጉልበት እንጂ ከየትም የተፈጠረ እንዳልሆነ መለሱ። ወ/ሮ ጌታነሽ ደረሰኙን ጠየቁ።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ላይ ያሉት አተሞች ከታች ካሉት መብዛታቸው አግባብ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። መምህርቷ፣ ታች ያሉት ከበዙ ብርሃኑን ስለሚውጡት የግድ ነው አሉ። አቶ ወዳጆ «እኛ ዘንድስ ላይ ያለው በዝቶ ምነው ብርሃን ጠፋ?» ብለዋል። ሰብሳቢው ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ስላዘዙ እንዲሰረዝ የታዘዘ መሆኑ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ስለ መስተዋቶቹ

ብርሃኑ በሁለት መስተዋት መካከል እየተመላለሰ እንደሚበዛ፣ አንደኛው መስተዋት ግን ጥቂቱን እንደሚያሳልፍ ተገለጸ። ሰብሳቢው «የሚያፈስ ዕቃ ይዘን እንግዳ ፊት አንቀርብም፤ ይደፈን» አሉ።

መምህርት ምሥራቅ፦ «ጋሽ ገሠሠ፣ በዚያች በኩል ነው እኮ የሚወጣው! ከደፈናችሁት ማን ያየዋል?»

ሰብሳቢው፦ «ከሚባክን ውስጥ ይቀመጥ።»

ከረጅም ውይይት በኋላ ወ/ሮ ጌታነሽ የሰብሳቢውን ሐሳብ ደገፉ። ጸሐፊውም ወ/ሮ ጌታነሽ የደገፉትን ደገፉ። መምህርቷ «ሌዘር ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ያለውን ሌላው ሳያዛንፍ ይደግማል። ልዩነቱ፣ ከሌዘር ብርሃን ይወጣል» አሉ። ከዚያም መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልለው ተነሡ። አቶ ወዳጆ «ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ለእኔ ስጪኝ» ብለው አብረዋቸው ወጡ። በሩ ክፍት ቀርቷል።

በቀሩት አባላት ሙሉ ድምፅ፦ መስተዋቱ እንዲደፈን፣ ሌዘሩ እንዳይታይ፣ መምህርቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው፣ አቶ ወዳጆም በወላጅነታቸው እንዲመከሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ደብዳቤው እየተረቀቀ ሳለ የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። ደዋዩ የአዳራሹ አስተናጋጅ ሲሆን፣ መምህርቷ ያበሩት የሌዘሩ ቀይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ማረፉን፣ የዞኑ እንግዶች ቆመው ማጨብጨባቸውን፣ አሁንም «የዚህ ሥራ ኃላፊ ማን ነው? ፎቶ እንነሣ» እያሉ መሆኑን ነገራቸው። ሰብሳቢው ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

በመሆኑም ቆመው ሳሉ የሚከተለው ተወስኗል፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። መስተዋቱ እንዳለ ይቆይ። ማስጠንቀቂያው ምስጋና ተብሎ ይታረም፤ ምስጋናውም ለኮሚቴው ይጻፍ። ኮሚቴው ሥራውን ከጥንስሱ ጀምሮ ሲመራ መቆየቱ ይመዝገብ።

ወ/ሮ ጌታነሽ በፎቶው ላይ መምህርቷ የት እንደሚቆሙ ጠየቁ። ሰብሳቢው «ቦታ ከተረፈ ከዳር ይቁሙ» ሲሉ መመሪያ ሰጥተው፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጉባኤው ወደ አዳራሹ በሩጫ ተበትኗል።