አንድ እግር ስንት ሜትር ኩብ ነው?

ውሃን መለካት ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። አንድ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ነው፤ አምስት በርሜል አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ አለቀ። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ሃያ ሦስት ከሆነና የእጅ ሰዓት ካሰረ፣ የቀረው ዕውቀት ያለ አይመስለውም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዘመን ጉደር አካባቢ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የግብርና ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩበት ገበሬ ማህበር ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ከወንዙ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነበር፤ በተራ። ተራ የሚያስከብሩት የውሃው አባት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ ይተክሉና ጥላውን በእግራቸው ይለካሉ፤ ጠዋት ሁለት ጫማ ካጠረ፣ ከሰዓት ሁለት ጫማ ከረዘመ፣ የአንዱ ተራ አበቃ። ከአምቦ የተላከልኝ ቅጽ ግን "ለእያንዳንዱ አባል የሚደርሰው ውሃ በሜትር ኩብ" ይላል። ለጫማ የሚሆን ቦታ የለውም።

እኔ ምን ገዶኝ! በርሜል አስመጥቼ የቦዩ አፍ ላይ ደቀንኩ፤ በአሥር ሴኮንድ ሞላ። አሰላሁና ለሁሉም እኩል ሁለት ሁለት ሰዓት፣ መቶ አርባ አራት ሜትር ኩብ ደለደልኩ። ኦቦ ዲንሳ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና "ጽሕፈትህ ያምራል" አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመሰገንኩ።

አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ማሳቸው የቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ የዓመት ጉርሳቸውም አሥር መደብ ሽንኩርት ብቻ። በሦስተኛው ተራ ብቅ ብል ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኗል። ቅጼን አወጣሁ።

"መቶ አርባ አራት ደርሶዎታል እኮ!" አልኳቸው። እስቲ አስቡት፤ ለጠወለገ ሽንኩርት ወረቀት ሳሳይ!

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ሰዓትህን ከመቼ ነው የምትጀምረው?"

"ቦዩ ሲከፈት።"

"ታዲያ እኔ ጋ እስኪደርስ መንገዱ አይጠጣም?"

ለካስ በኦቦ ዲንሳ ሥርዓት ተረኛው ቦዩ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ውሃው እግሩን ሲነካው "ቢሻን ዱፌ!" ይላል፤ ውሃው መጣ ማለቱ ነው። ጩኸቱ ከማሳ ማሳ በቅብብል ሽማግሌው ጋ ሲደርስ የጥላው ቆጠራ ይጀመራል። መንገድ የጠጣው ከማንም ተራ አይቀነስም። ለጭራው ማሳ ደግሞ አንድ ጫማ ይጨመርለታል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ ነው የሻርኩት።

የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም። ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ኦቦ ዲንሳን "ዱላዎን ይትከሉ" አልኳቸው። ተከሉ፤ አዴ ጫልቱንም ከተራ አስቀደሟቸው። ከአሥሩ መደብ ሦስቱ አልዳነም። ሰባቱ ተረፈ። ሲነቀል አንድ እቅፍ ሽንኩርት ሰጡኝ፤ ተቀብዬ መቆሚያ አጣሁ።

ለአምቦ ቢሮ እውነቱን ጻፍኩ፦ ቆጠራው የሚጀምረው ውሃው የተረኛውን እግር ሲነካ ነው። ከወር በኋላ መልስ መጣ። "ጓድ፣ አንድ እግር ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ በአስቸኳይ አስታውቀን።"

አሁን ጡረታ ወጥቼ አምቦ ተቀምጫለሁ። ያ ከማሳ ማሳ የሚሄድ ጩኸት ይናፍቀኛል፤ ኦቦ ዲንሳም አዴ ጫልቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ቧንቧችን በፈረቃ ነው። ውሃው ሲመጣ ከባልዲው በፊት እግሬን አስቀድምና "ቢሻን ዱፌ!" እላለሁ፤ ባለቤቴ ትስቃለች። ለዚያ ደብዳቤ መልስ እስከ ዛሬ አልላክሁም።