ጀሪካን ይዘን ስብሰባ የገባን ቀን

እኛ የሞላሌ ከተማ ሰዎች ለውሃ ስንሰለፍ ራሳችን አንቆምም፤ የሚቆመው ጀሪካናችን ነው። ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰው ያማል፣ ጀሪካኑ ቦኖው ሥር ተራ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰልፈኛ ከየት ይገኛል? አይጋፋ፣ አይሳደብ! ክፋቱ፣ ካነሱት ተራው ጠፋ።

ያን ሰሞን የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጋኑ አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ ቦኖው ግን ከነጠፈ ሳምንት አልፎታል። ያን ቀን ካልጠነሰስኩ ጠላው አይደርስም። ጠላው ካልደረሰ ደግሞ የማኅበርተኛውን ምላስ ማን ይችለዋል? አውቀዋለሁ እኮ፣ ሌላ ሰው ቤት ሲሆን ዋናዋ ምላስ እኔ ነኝ።

በዚህ ስብሰለሰል የቀበሌው ጥሩምባ ነፊ "መስመራችንን ለማጥራት ስብሰባ አለ፣ ማንም እንዳይቀር!" እያለ አለፈ። እልል አልን። የቧንቧው መስመር ሊጠራ ነው፣ ማን ያውቃል እዚያው ይቀዳልን ይሆናል ብለን፣ ጀሪካናችንን ከሰልፍ እየነቀልን ግር ብለን ገባን። የቀረችው ጎረቤቴ ብርቄ ብቻ ናት። እሷ ስብሰባ አትወድም፤ የምትወደው እንቅልፍ ነው።

ከወረዳ የመጣው ካድሬ አዳራሹ በጀሪካናችን ቢጫ በቢጫ መሆኑን ሲያይ ትንሽ ግራ ገባው፣ ግን ቀጠለ። መስመራችን ትክክል ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው አለ። አላስችል አለኝና ተነስቼ፣ "ልጄ፣ መስመሩ ደህና ከሆነ ውሃው በየት በኩል አመለጠ?" አልኩት። ሰው ሁሉ አውካካ። እሱም ፊቱ ቀልቶ "እማማ፣ እኔ የምለው የፖለቲካውን መስመር ነው" አለኝ። ታዲያ ቀድሞ አይነግረንም ነበር? ለዚያኛው ጆሮ ከበቃ ጀሪካን ምን አሸከመን?

ከሰዓት በኋላ ስንወጣ ቦኖው ሥር መሬቱ ርሷል። ለካ እኛ መስመር ስናጠራ ውሃው መጥቶ ሄዷል! ብርቄን የቧንቧው ጩኸት ቀስቅሷት፣ ሰልፈኛ በሌለበት ብቻዋን ከእንስራ እስከ ድስት ያላትን ዕቃ ሁሉ ሞልታለች። ደጇ ሄጄ "ብርቅዬ፣ እህትዬ" አልኳት። ከዚያ በፊት እንዲህ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ብዙም ሳታስለምነኝ ለጋኑ የሚበቃኝን ሰጠችኝ። ደግነቷ ሲገርመኝ፣ ለካ እሷም ጉዳይ አላት፤ ከስብሰባ ቀሪ ተብላ ስሟ ተጽፏል፣ ታማ ነበር ብሎ የሚመሰክርላት ሰው ትፈልጋለች።

ጠላዬን ጠንስሼ በማግሥቱ ቀበሌ ቀረብኩ። ፊቴን ቅጭም አድርጌ፣ "በጠና ታማ ነበር" አልኩ፤ "ያን ቀን ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም።"