ዓምደ ሚካኤል የዶሮዎቻቸውን ጾም እንዴት እንደ ሻሩ

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በባሕር ማዶ ባለው ሰፈራቸው በቢከን ሂል የባቡሩ ጣቢያ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ ኃያሉና ትዕግሥተኛው፣ የዝናብ ካፖርት ለባሹ፣ ከኤርፖርት መሐል ከተማ መንገደኛ አመላላሹ፣ መጋቤ ደዋርህ፣ ማለትም የዶሮዎች መጋቢ፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ዐቢይ ጾም በገባ ዕለት በጓሯቸው ቆሙ። በፊታቸውም ሠራዊታቸው ተሰልፎ ነበር፤ ገብስማዪቱ፣ ሆዷ አምላኳ፤ ዛግርማዪቱ፣ የጎረቤት ድመት ያባረረች፤ ኮክማዪቱ፣ ያለ ምክንያት የምትጮኸው፤ ከሁሉም በላይ ነጭ ራሷ ሻሼ፣ በጌታዋ ጫማ ላይ ቆማ የምታንቀላፋ፣ ጌታዋም እንዳትነቃባቸው እግራቸው እስኪደነዝዝ የሚታገሷት። አውራ ዶሮ የከተማው ሕግ ስለማይፈቅድ አውራቸው ራሳቸው ነበሩ።

እነዚህ ዶሮዎች ሣር ሲጭሩ፣ ትልና ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ የሚውሉ ነጻ ፍጥረቶች ነበሩ። ዓምደ ሚካኤልም የመኖውን ከረጢት አገላብጠው የዓሣ ዱቄት እንዳለበት ባወቁ ጊዜ እጅግ ደነገጡና አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሚ፣ ስሚ! የሰማሽ ላልሰማች አሰሚ! በክርስቲያን ግቢ እያደረች ሁዳዴን በትል የምትገድፍ ዶሮ አላውቅም! ከዛሬ ጀምሮ በራችሁ ይዘጋል፤ ቀለባችሁም ድርቆሽ፣ ጎመንና ቅቅል ምስር ነው!»

ወእምዝ በሩ ተዘጋ። የእንቁላልን ቅርፊት የሚያጠነክረው የተፈጨ የባሕር ዛጎልም ነፍስ የነበረበት ነውና ተከለከለ። በመጀመሪያ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ ሲነኩት የሚጎደጉድ ሆነ፤ ቀጥሎም እንቁላል የሚባል ነገር ከነጭራሹ ጠፋ። ይህም ታላቅ ውርደት ነበር፤ ዓምደ ሚካኤል ለፋሲካው ዶሮ ወጥ የሚገባው እንቁላል ከገዛ ግቢያቸው እንደሚሆን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ተናግረው ነበርና። ስለዚህ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥራዬ፣ የማድ ቤቱ እመቤት፣ በመስኮት ብቅ ብለው አወጁ፦

«ስማ! እስከ ቅዳም ሥዑር ያልጣለች ዶሮ ድስት ትገባለች። በሴት እጅ ደግሞ አይታረድም፤ ሶ ቢላዋውን የምትይዘው አንተ ነህ። ሻሼም ብትሆን! ኦኬ?»

ልጃቸው ኖላዊትም ከደረጃው ላይ፦ «ዳድ፣ ዘይ አር ናት ኦርቶዶክስ! ዘይ አር ቺክንስ!» ስትል አወጀች፤ ይህም ቃል ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ለዶሮ ጾም አልታዘዘላትም ማለት ነው።

ዓምደ ሚካኤል ይህን በሰሙ ጊዜ ቢላዋውና ሻሼ አንድ ላይ ታዩአቸው። በኒቆዲሞስ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን አውልቀው አካፋ አነሡ፤ አዋጃቸውንም በአዋጅ ሻሩ፦

«ጾሙ የኔ ነው፤ የተራባችሁት እናንተ! በሩ ይከፈት! ትሉም ይበላ!»

ከዚያም በማያባራ ዝናብ ውስጥ፣ ባዶ ሆዳቸውን፣ አፈሩን እየገለበጡ ትል እያወጡ አበሉ፤ መኖውና ዛጎሉም በክብር ተመለሱ። ጎረቤታቸውም ሣሩ ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው።

በሆሣዕና ገብስማዪቱ ጣለች፤ ዛግርማዪቱና ኮክማዪቱም ተከተሉ። ሻሼ ግን በጎጆዋ ውስጥ አንድም አልጣለችም። ቅዳም ሥዑር ደረሰ። ዓምደ ሚካኤል፣ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍለው እህል ያልቀመሱት፣ ቢላዋቸውን ስለው ወጡ፤ አለቀሱም። ታሪክ ጸሐፊው ዝናብ ነው ባለ ነበር፤ ዕለቱ ግን ፀሐያማ ነበር።

ሻሼ በቤቷ አልተገኘችም። ስሟን እየጠሩ፣ በአጥሩ ሥር ባለው የብላክቤሪ እሾህ ውስጥ በጉልበታቸው ዳኹ፤ ሹራባቸው ተቀደደ፤ ፊታቸው ተጫረ። በዚያም ሻሼን፣ በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ተደብቃ ስትጥል የሰነበተችውን የእንቁላል ክምር ታቅፋ አገኟት። ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ።

ወይዘሮ ሥራዬም እንቁላሎቹን በውኃ እየነከሩ፣ የሚንሳፈፍ እንዳለ ከመረመሩ በኋላ አወጁ፦

«ደህና ናቸው። ሻሼ ትኑር።»

ለወጡም ስም ያልወጣላት ዶሮ ከኦበርን ገበሬ ተገዝታ መጣች፤ ስለ እርሷ የተጻፈ ነገር የለም።

ክብርና ምስጋና ለመጋቤ ደዋርህ ለዓምደ ሚካኤል ይሁን፤ እሾህ ላልበገራቸው፣ አዋጃቸውን በገዛ አፋቸው ለመሻር ላላፈሩ፣ ራሳቸው ተርበው ዶሮ ላጠገቡ። ነገሥታት ብዙ አገር አቀኑ፤ እርሳቸው አንዲት ዶሮ አዳኑ፤ ለሻሼ ይህ ይበቃታል።