ቁጭ ብሎ መሮጥ

ሮጣ ብትወድቅስ? ወድቃ ብትሰበርስ? ይህ ጥያቄ ቁሓ ከተማ ዳር የሚኖሩትን አደይ ሮማነወርቅን ዕረፍት ከነሳቸው ሰንብቷል፤ መልሱን ግን አላገኙትም። የልጅ ልጃቸው ኣሪያም በጦርነቱ ሰበብ ሦስት ዓመት ከትምህርት ርቃ ነበር። ወደ ክፍል የመለሳት ደግሞ ደብተር አይደለም፣ ሩጫ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የስፖርት መምህሯ ኤልሳዕ ድንጋያማው ሜዳ ላይ ያስሮጧታል፤ ለእነዚያ ሁለት ቀናት ስትል የቀሩትን ሦስቱን ትታገሣለች።

አንድ ሐሙስ ጉልበቷ ተልጦ፣ እየሳቀች መጣች። አያትየው አልሳቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዱና ከጦርነት የተረፈች ልጅ በስፖርት ልትሞትብኝ ነው ሲሉ አመለከቱ።

የአስተዳደር ጥበብ የሚታየው መቼም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ርእሰ መምህር ልዑልሰገድ የሜዳውን ድንጋይ ማስለቀም ይችሉ ነበር። ነገር ግን ድንጋይ ለመልቀም ቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘበት ሥራ ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰየመ። አራት ጊዜ ተቀመጠ፤ በመቀመጡም አንድ አባል እንኳ አልተጎዳም። በመጨረሻ ለአደጋ የተጋለጡ ተማሪዎች ሰውነት ማጎልመሻን በጽሑፍ ብቻ እንዲማሩ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ለአደጋ ያልተጋለጠ ተማሪ ስላልተገኘ፣ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ሩጫ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሆነ። መምህር ኤልሳዕ ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከትተው የእርምጃ ዓይነቶችን ያስገለብጡ ጀመር።

«መምህር፣ መቼ ነው የምንሮጠው?» አለች ኣሪያም።

«ምዕራፍ አምስት ላይ።»

«አሁን የት ነን?»

«መግቢያው ላይ» አሉ መምህሩ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

የጽሑፍ ፈተና መጣ። በትምህርት ቤቱ የሚቀድማት የሌላት ልጅ በሩጫ ከሃያው አራት አገኘች። ከቤት እስከ ክፍል በባጃጅ የሚመላለሰው ታዲዮስ አሥራ ዘጠኝ አምጥቶ አንደኛ ሯጭ ተብሎ ተመዘገበ።

ቅዳሜ ዕለት ልዑልሰገድ ኮሚቴውን አስከትለው አደይ ሮማነወርቅ ቤት ድረስ መጡ፤ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀትም ይዘዋል።

«አደይ፣ እርስዎ ባያመለክቱ ይህን ውጤት ባላየን» አሉ። «በመንፈቀ ዓመቱ አንድም ጉልበት አልተላጠም።»

አያትየው በደስታ ዓይናቸውን አበሱ።

«ጓለይ፣ ነይ ልጄ፣ አመስግኚያቸው እንጂ።»

ኣሪያም ከጓዳ መጣች። ዩኒፎርሟን በደንብ አጣጥፋ የምስጋናው ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ደብተሮቿን ከላይ ጫነችበት። ከዚያም ከቤት ወጣች፤ ስትወጣም አልሮጠችም።