በሳይታችን ማንም እንዳልተወለደ የተወሰነበት ስብሰባ

«በሳይታችሁ ክልል ውስጥ ባለፉት ስድስት ዓመታት የተመዘገበ አንድም ወሊድ ባለመኖሩ፣ የቤቶቹም ቁጥር ያልተለወጠ በመሆኑ፣ የነዋሪው ብዛት በርክክቡ ጊዜ ከነበረበት 1,080 አልጨመረም። ስለዚህ የጠየቃችሁት የማዋለጃ ክፍል አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በአባሪነት የቀረበው የቤት ለቤት ቆጠራም በግለሰብ ስሜት የተዘጋጀ ስለሆነ ተቀባይነት የለውም።»

ይህ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአገልግሎት ማደላደያ ጽሕፈት ቤት ከደረሰን ደብዳቤ አንድ ፊደል ሳይጨመር፣ አንድ ፊደል ሳይቀነስ የተገለበጠ ነው። «ግለሰብ» የተባለው የነዋሪዎች ኮሚቴው ጸሐፊ ነው። «ስሜት» የተባለው ደግሞ ጸሐፊው በአሥራ አንድ ቅዳሜዎች የዘጠኝ ብሎክ ደረጃ ወጥቶ፣ 270 በር አንኳኩቶ፣ በስም በዕድሜና በጾታ የመዘገበው 1,612 ሰው ነው።

ቀን፦ እሑድ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ሳይት፣ የዘጠኙ ብሎኮች የጋራ ሕንፃ፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ክፍል (የስብሰባው ክፍል ቁልፍ ስለጠፋ)
ሰዓት፦ ለ8:00 ተጠርቶ 9:10 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. አቶ ወዳጆ፣ ሰብሳቢ። ጡረተኛ። በቤቶቹ ርክክብ ቅጽ ላይ «1,080» ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው።
2. ወ/ሮ ፋናዬ፣ አባል። ባለ ሁለት መኝታ ቤታቸውን ክፍል በክፍል ያከራያሉ።
3. አቶ ላጲሶ፣ አባል። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ድርጅት ኦዲተር ናቸው።
4. አቶ ቢቂላ፣ አባልና የጥበቃ ኃላፊ። ሳይቱ ሳይሠራ በፊት ቦታው የቤተሰባቸው እርሻ ነበር።
5. ወ/ሮ ቤቴል፣ የወጣቶች ተወካይ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር።
6. ኢያሱ፣ ጸሐፊ። በስታቲስቲክስ የተመረቀ።

ያልተገኙ፦ መቶ አለቃ ደምሴ፣ ባለፈው ኅዳር ያረፉ።

ምልዓተ ጉባኤው ሰባት ሰው ስለሆነ ጸሐፊው አንድ ሰው እንደሚጎድል አሳሰበ። አቶ ላጲሶ ፋይሉን አገላብጠው የመቶ አለቃ ደምሴ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንደሌለ አረጋገጡ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ካልለቀቁ አሉ ማለት ነው» በማለት ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ አስታወቁ።

አጀንዳ 1፦ ነዋሪ ማለት ማን እንደሆነ

ጸሐፊው የአገርም ሆነ የሰፈር ሕዝብ ቁጥር የሚለወጠው በሦስት በር ብቻ እንደሆነ፣ እነሱም ልደት፣ ሞትና ፍልሰት መሆናቸውን አስረዳ። ሰብሳቢው ከሦስቱ ኮሚቴው የፈቀደው የትኛውን እንደሆነ ጠየቁ። አንዳቸውም ፈቃድ እንደማይጠይቁ ሲነገራቸው «ታዲያ ያለ ፈቃድ የሆነን ነገር እንዴት እናጸድቃለን?» አሉ።

ጸሐፊው ቀጠለ። የአዲስ አበባ ሴት የምትወልደው ጥቂት ነው፤ ከተማዋን የሚያበዛት ይበልጡን ከየአካባቢው የሚገባው ሰው ነው። ወደ አራብሳ የገባው ደግሞ አብዛኛው ወጣት ነው። ወጣት ያገባል፣ ያገባ ይወልዳል። እያንዳንዷ አንድ ብቻ ብትወልድ እንኳ ወላጆቹ ብዙ ስለሆኑ ልጁ ይበዛል። ባለፈው ዓመት ብቻ 71 ሕፃን መዝግቧል። ወ/ሮ ፋናዬ «ኢያሱ፣ እስቲ በአማርኛ ንገረን» አሉ። ጸሐፊው የተናገረው በአማርኛ እንደነበረ ይመዝገብልኝ አለ፤ ተመዘገበ።

በቆጠራው መሠረት በወ/ሮ ፋናዬ ቤት አሥራ አንድ ሰው ይኖራል። ወ/ሮ ፋናዬ ሰዎቹ ተከራይ ሳይሆኑ ለጥየቃ የመጡ ዘመዶቻቸው እንደሆኑ ገለጹ። አቶ ቢቂላ «እትዬ፣ ጥየቃ ሦስት ዓመት ይፈጃል? አንዱማ እዚሁ አግብቶ እዚሁ ሁለት ወልዷል» ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ፋናዬ «አንተ በር ጠብቅ፣ ሰው ቁጠር ያለህ የለም» አሉ። አቶ ቢቂላ ያለ ቆጠራ በር እንዴት እንደሚጠበቅ እንዲብራራላቸው ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከርክክቡ ወዲህ የገቡ 212 ተከራዮች «እንግዳ» ተብለው ከቁጥር እንዲወጡ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ቀሪ 1,400።

አጀንዳ 2፦ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ሰው እንደሚባል

ወ/ሮ ፋናዬ ልጅ ስሙ በቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ሰው ተብሎ እንደማይቆጠር፣ ስለዚህ ወንድ አርባ፣ ሴት ሰማንያ ቀን መጠበቅ እንዳለባቸው ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ሴት ልጅ በተወለደች በአርባኛው ቀን መንታ ወንድሟ ሰው ሆኖ እሷ ምን እንደምትባል ጠየቀ። ለጊዜው «የፋናዬ ጉዳይ» ተብሎ ታለፈ።

አቶ ላጲሶ ሐሳቡን ተቃወሙ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚጠመቀው አውቆ ሲያምን ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ሰብሳቢው ኮሚቴው በሃይማኖቶች መካከል እንደማያዳላ ገልጸው፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ ወሰኑ። በዚህ እኩልነት መሠረት ያልተጠመቁ 14 ሕፃናት እስኪጠመቁ፣ የአቶ ላጲሶን አራት ልጆች ጨምሮ 97 ልጆች ደግሞ እስኪያምኑ ድረስ፣ በድምሩ 111 ሰው ከቁጥር ወጡ። አቶ ላጲሶ ትልቁ ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመቱ እንደሆነና ቁመቱ ከሰብሳቢው እንደሚበልጥ ተናገሩ። ሰብሳቢው «ቁመት በአጀንዳ አልተያዘም» አሉ። ቀሪ 1,289።

እዚህ ላይ አቶ ቢቂላ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «እናቴ እዚሁ፣ ይሄ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ ዘጠኝ ወልዳ አምስት ቀብራለች። እኔ አራት ወለድኩ፤ ክትባት ነበረ፣ አራቱም አሉ። ልጄ ኦብሴ አንድ ይበቃኛል ትላለች፤ እሱንም አሳድጌ እጨርሰው እንደሆነ እንጃ ነው የምትለው። ሕዝብ የሚለወጠው እንዲህ ነው። እናንተ ግን በእጅ ማውጣት ትለውጡታላችሁ።» ጸሐፊው በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ነገሩ እንዲህ ባጭሩ ተብራርቶ እንዳልሰማ ይመሰክራል። ሰብሳቢው ንግግሩ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊው አልሰረዘም።

አጀንዳ 3፦ የት የተወለደ የየት ሰው እንደሆነ

ጸሐፊው የደብዳቤው ዋና ስሕተት እዚህ ላይ እንደሆነ ተናገረ። በሳይቱ ወሊድ ያልተመዘገበው ማዋለጃ ስለሌለ ነው። ማዋለጃ የተከለከለው ደግሞ ወሊድ ስላልተመዘገበ ነው። እናቶቹ ምጥ ሲመጣ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ ልጁም በሄዱበት ይመዘገባል።

ለምሳሌ የብሎክ አምስቷ ሀይሚ ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ሳትደርስ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሚኒባስ ውስጥ መውለዷ ተነሣ። ስሙንም ያወጣለት ተራ አስከባሪው ነው። ሰብሳቢው ልጁ የላምበረት ሕዝብ መሆኑን አስታወቁ። ወ/ሮ ቤቴል «ሶሪ ጋሽ ወዳጆ፣ ልጁ ግን እኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ሲያለቅስ ይሰማኛል» አለች። ሰብሳቢው የሚያለቅስበት ቦታ የተወለደበትን ቦታ እንደማይለውጥ መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከሳይቱ ውጭ የተወለዱ 209 ልጆች ለየተወለዱበት ሰፈር እንዲመለሱ ተወሰነ። የሚመለሱት በወረቀት ብቻ መሆኑ በጸሐፊው ጥያቄ ተጨመረ። ቀሪ 1,080።

ሰብሳቢው ቁጥሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቆጠራው እዚህ ላይ እንዲበቃ ሐሳብ አቀረቡ። የሟቾች ጉዳይ ሰዓት ስላልበቃ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ለጽሕፈት ቤቱም «ደብዳቤያችሁ ትክክል ነው፣ እናመሰግናለን» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። አምስት ለአንድ ሊባል ሲል አቶ ላጲሶ የሰጡትን ድምፅ መልሰው ወሰዱ፤ አቶ ቢቂላ መጀመሪያውንም እጃቸውን አላወጡም፤ ወ/ሮ ቤቴል ተቃወመች። ጸሐፊው ድምፅ እንደሌለው ተነገረው። ስለዚህ ውሳኔው በሰብሳቢው፣ በወ/ሮ ፋናዬና በመቶ አለቃ ደምሴ ዝምታ ጸደቀ።

ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ቤቴል ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ሐኪም የሰጣት ቀን ሚያዝያ 8 እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ልጇ እንደሆነ፣ የደም ግፊቷ ከፍ እንደሚልና ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ መኪና አግኝታ እስክትደርስ ምን እንደሚሆን እንደማታውቅ ተናገረች። ወ/ሮ ፋናዬ «አይዞሽ ልጄ፣ እኛ ስንቱን ወልደናል» አሏት። «እትዬ፣ እርስዎ ስንት ቀበሩ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወ/ሮ ፋናዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሁለት» አሉ።

ወ/ሮ ቤቴል ቀጥላ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረበች። «ወሊድ ካልተመዘገበ ክፍል የለም ተብሏል። እሺ። እኔ ሚኒባስ ውስጥ አልወልድም። ምጥ ሲመጣ እዚች ክፍል ነው የምገባው። ጋሽ ወዳጆ የዚችን ቁልፍ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፣ እትዬ ፋናዬ ይይዙኛል፣ ጋሽ ላጲሶ ይጸልያሉ፣ ጋሽ ኢያሱ ሰዓቱን ይመዘግባሉ። የሆነ ነገር ብሆን ደግሞ ፈርማችሁ ለቤተሰቤ ታስረክቡኛላችሁ። ማነው የሚፈርመው?»

ማንም አልፈረመም።

ሰብሳቢው በለሆሳስ ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሳይሆን ወዲያውኑ፣ በሙሉ ድምፅ፣ የሚከተለው ተወሰነ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ከቁጥር የወጡት 532 ሰዎች ይመለሱ፤ ነዋሪው 1,612 ነው፤ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ ይቆጠር። ስብሰባው 11:25 ላይ ተበተነ። አቶ ላጲሶና ወ/ሮ ፋናዬ ቤቴልን ደግፈው እስከ አራተኛ ፎቅ አደረሷት፤ በመንገድም ሁለት ጊዜ ለማረፍ ቆማለች።

ስብሰባው ስላልተካሄደ ከዚህ በታች ያለው የኮሚቴው ቃል ሳይሆን የእኔ፣ የግለሰቡ፣ ነው። ቆጠራዬ በስሜት የተሠራ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ ያለ ስሜት አንድ ሰው ይላክና 270 በር ያንኳኳ፤ ደረጃውን እኔ አሳየዋለሁ። ካልላከ ግን እስከ ዓርብ መጋቢት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11:00 ድረስ፣ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ እጠብቃለሁ፦ ቤቴል ሚያዝያ 8 የት ትውለድ?

ኢያሱ
(ፊርማ)